የገዢው ቤት፣ የገበሬው ማሳ፦ በቢቸናና በሞጣ የቦታ ስም ከየት ይመጣል?

ከደጀን ተነሥቶ በየትመን፣ በቢቸናና በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ በሚዘልቀው መንገድ የተጓዘ ሰው በጤፉና በስንዴው ማሳ መካከል ብዙ ስም ይሰማል። የታቦት ስም አለ፤ የወንዝና የተራራ ስም አለ፤ ትርጉሙ ለብዙዎቻችን የራቀ ጥንታዊ የወገን ስም አለ። አንድ የሚጠበቅ ስም ግን የለም። ጎጃምን ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል እየተወራረሰ የገዛው ቤት፣ እነ ራስ ኃይሉ ዮሴዴቅ፣ እነ ደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ፣ እነ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የወጡበት ቤት፣ በዚህ መንገድ ላይ በስሙ የሚጠራ አንድ ከተማ አልተወም።

ጉዳዩ ለታሪክ ወዳጆች ብቻ የሚተው አይደለም። በገጠር የቦታ ስም ማስረጃ ነው። በፍርድ ቤት ክስ ላይ «ልዩ ስሙ እንዲህ ከተባለው ቦታ የሚገኝ፣ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ የሚያዋስኑት» ተብሎ ይጻፋል። ስሙ ከተሳሳተ ክርክሩ ይረዝማል። ስለዚህ በምሥራቅ ጎጃም ምድር ላይ የተጻፉት ስሞች ከየት እንደመጡ፣ የማን እንደሆኑና የትኞቹ ለመጥፋት እንደተቃረቡ ማወቅ ለባለ ማሳውም ለከተማ ነዋሪውም ይጠቅማል።

ሞጣና ወይዘሮ ወለተ እስራኤል

የገዢው ቤት ታሪክ ከሞጣ ጋር ከሥሩ የተሳሰረ ነው። የአፄ በካፋ ባለቤት የነበሩት እቴጌ ምንትዋብ ንጉሠ ነገሥቱ ካረፉ በኋላ ከምልምል ኢያሱ ሦስት ሴቶች ልጆች ወለዱ። ከእነዚህ መካከል ወይዘሮ አስቴር የትግራዩን ገዢ ራስ ሚካኤል ስሑልን አገቡ። ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ደግሞ ለጎጃሙ ደጃዝማች ዮሴዴቅ ተዳሩ። በጋብቻ ሀገር ማሰር የዘመኑ ልማድ ነበርና፣ ጎንደር በአንድ እጇ ትግራይን፣ በሌላው ጎጃምን ያዘች ማለት ይቻላል። የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም ጎንደር በገባ ጊዜ ሁለቱም ወይዛዝርት በቤተ መንግሥቱ ጉዳይ ውስጥ ትልቅ ስፍራ ነበራቸው፤ በጉዞ መጽሐፉም አንሥቷቸዋል።

ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ሞጣ ላይ የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን ተከሉ። ከተማው ያደገው በዚሁ ደብር ዙሪያ ነው። ደብር መትከል በዚያ ዘመን ሕንፃ ማቆም ብቻ አልነበረም። ቀዳሽ፣ መሪጌታ፣ ደብተራ ይመጣል፤ ለእነዚህ ሰዎች መተዳደሪያ የሚሆን መሬት ይደለደላል፤ ገበያ ይቆማል። ለቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ተብሎ የሚሰጠው መሬት «ሪም» ይባል ነበር። ገዢው ወይም ደብሩ ከገበሬው ግብር የሚሰበስብበት መብት ደግሞ «ጉልት» ነው። በሞጣ ጊዮርጊስ የብራና መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፉት የመሬት ስጦታና የሽያጭ መዝገቦች የታሪክ ተመራማሪዎች የዘመኑን የመሬት ሥሪት ከሚያጠኑባቸው ምንጮች መካከል ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ቃል ያስገርማል። ዛሬ «ዜጋ» ስንል የሀገር ባለቤት፣ ባለ ሙሉ መብት ማለታችን ነው። በዚያ ዘመን በምሥራቅ ጎጃም ግን ዜጋ የሚባለው የራሱ መሬት የሌለው፣ በጌታ መሬት ላይ የሚያርስ ሰው ነበር። ሀብታሙ መንግሥቴ የተባሉ የታሪክ ምሁር ይህንኑ የምሥራቅ ጎጃም ጌታ፣ ዜጋና ገበሬ ግንኙነት በስፋት አጥንተው ጽፈዋል።

ወደ ስሙ እንመለስ። ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ከተማውን በስማቸው አልሰየሙም። የሰጡት ስም የታቦቱ ነው፤ የሞጣ ሰው የሚምለውም በጊዮርጊስ ነው። የተካይዋን ማንነት የሚያውቀው የደብሩን ታሪክ የጠየቀ ብቻ ነው። ከእርሳቸው በፊትም ሥርዓቱ ይኸው ነበር። መርጡለ ማርያምን ያሠሩት እቴጌ እሌኒ በዘመናቸው ከነገሥታቱ ያላነሰ ሥልጣን የነበራቸው ሴት ነበሩ፤ ከተማዋ የምትጠራው ግን በግእዝ «የማርያም አዳራሽ» ማለት በሆነው ስም ነው።

ከኃይሉ እስከ ኃይሉ

ከወለተ እስራኤልና ከዮሴዴቅ የተወለዱት ራስ ኃይሉ በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ጎጃምን ገዙ። ልጃቸው ራስ መርዕድ ተከተሏቸው። የራስ ኃይሉ ልጅ ወይዘሮ ድንቅነሽ ደጃዝማች ዘውዴን አግብተው ደጃዝማች ጎሹን ወለዱ። ጎሹ ዘውዴ ኅዳር 1845 ዓ.ም ጉር አምባ ላይ ከቋራው ካሣ፣ ከኋላው አፄ ቴዎድሮስ ጋር ተዋግተው ወደቁ። ልጃቸው ብሩ ጎሹም በ1846 ዓ.ም ተሸንፈው ለረጅም ዓመታት እስር ተዳረጉ። ቤቱ በዚያ አላበቃም። የጎሹ የልጅ ልጅ ራስ አዳል ተሰማ ተነሥተው ጎጃምን ያዙ፤ ጥር 1873 ዓ.ም አፄ ዮሐንስ «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» ብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ አድርገው ቀቧቸው።

ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1874 ዓ.ም እምባቦ ላይ በሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ተማረኩ። በ1881 ዓ.ም የአፄ ዮሐንስ ጦር ጎጃምን ሲያጠፋ አዩ፤ በ1888 ዓ.ም ዓድዋ ዘመቱ፤ ጥር 1893 ዓ.ም ዐረፉ። ከእርሳቸው በኋላ ግዛቱ ተከፋፈለ። በኋላ የመጡት ልጃቸው ልዑል ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ጎጃምን በከባድ ግብር ገዝተው በ1924 ዓ.ም ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ተሻሩ። ቤቱ በገዢነት ያበቃው ያኔ ነው።

ታዲያ ስማቸው የት ይገኛል? ትልቁ መልስ ደብረ ማርቆስ ነው፤ እርሱም ቢሆን በተዘዋዋሪ። ከተማውን በ1840ዎቹ ዓ.ም ደጃዝማች ተድላ ጓሉ ሲቆረቁሩት ስሙ መንቆረር ነበር። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የቅዱስ ማርቆስን ቤተ ክርስቲያን ካሠሩ በኋላ መንቆረር ቀርቶ ደብረ ማርቆስ ተባለ። ንጉሡ የከተማ ስም ቀየሩ፤ የቀየሩት ግን በራሳቸው ስም አይደለም። «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» የሚለው ስም በትምህርት ቤትና በአደባባይ ላይ የወጣው ዘግይቶ፣ በእኛው በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ልማድ ነው። በአዲስ አበባም «ራስ ኃይሉ ሜዳ» የሚባል ስፍራ አለ። ጎጃምን የገዙት ራስ፣ ከጎጃም ይልቅ በሸገር ኳስ ሜዳ ላይ ስማቸው በየቀኑ ይጠራል።

በባሕር ማዶ ነገሩ ሌላ ነበር

ንጽጽር ይጠቅማልና አንድ ምሳሌ እናንሣ። በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ዘመን ሮበርት ሊቪንግስተን የተባለ ከስኮትላንድ የመጣ ሰው እ.ኤ.አ በ1686 በዛሬዋ ኒው ዮርክ፣ በሃድሰን ወንዝ ዳር 160 ሺህ ኤከር መሬት በንጉሡ ገዢ ተፈቀደለት። በእኛ ልክ ወደ 65 ሺህ ሄክታር ይሆናል። ከዘሩ ፊሊፕ የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ ፈረመ። ዊሊያም የኒው ጀርሲ የመጀመሪያው ገዢ ሆነ። ሌላው ሮበርት ሉዊዚያና ከፈረንሳይ በተገዛች ጊዜ ከተደራደሩት አንዱ ነበር። ዛሬ በኒው ዮርክ የሊቪንግስተን አውራጃ አለ፤ በኒው ጀርሲም በዊሊያም ስም የተጠራ የሊቪንግስተን ከተማ አለ።

ልዩነቱ ከትሕትና የመጣ አይመስለኝም፤ የጎጃም መሳፍንት በትሕትና የሚታወቁ አልነበሩም። ልዩነቱ ያለው በመሬቱ ላይ ነው። ሊቪንግስተን አፈሩ ራሱ የግሉ ነበር፤ ገበሬው ኪራይ ከፋይ ነው። የራሱን ንብረት በራሱ ስም መጥራት ለባለቤት ቀላል ነገር ነው። የጎጃም ጌታ በአብዛኛው የያዘው ጉልት ነው፤ የግብር መብት። ዛሬ ተሹሞ ነገ ይሻራል። አፈሩ የባለርስቱ ነው፤ ባለርስቱ ደግሞ ገበሬው ነው። ጌታ ሲመጣና ሲሄድ ማሳው ስሙን አይቀይርም። በሊቪንግስተን ምድር ያሉት ኪራይ ከፋዮች እ.ኤ.አ በ1840ዎቹ ኪራይ አንከፍልም ብለው ተነሥተው እንደነበር ማስታወስም ተገቢ ነው። የቤተሰቡ ስም በካርታው ላይ መቅረቱ ገበሬው ወድዶታል ማለት አይደለም።

ሁለት እጁና ሲሶው

የወረዳዎቻችንን ስም ልብ ብሎ ያነበበ ሰው ከሰው ስም ይልቅ የድርሻ ስም ያገኛል። ሞጣ የሚገኝበት ወረዳ ሁለት እጁ እነሴ ነው። ጎረቤቱ ጎንቻ ሲሶ እነሴ ይባላል። ብዙ የከተማ ልጅ «ሁለት እጁ» ሲባል የሰው እጅ ይመስለዋል። እኩል ያረሰ፣ የሲሶ ያረሰ ገበሬ ግን ወዲያው ይገባዋል። ምርት ሲካፈል «ሁለት እጁ» ከሦስት ሁለቱ ነው፤ «ሲሶው» ከሦስት አንዱ። ቃል በቃል ስናነበው እነሴ የሚባለው ሀገር በአንድ ዘመን ለሦስት ተከፍሎ፣ ሁለቱ እጅ በአንድ ወገን፣ ሲሶው በሌላ ወገን ሆኗል ማለት ነው። የክፍፍሉ አስፈጻሚ ስም አልቀረም። ሒሳቡ ቀርቷል። በዐውድማ ላይ የሚሠራበት ቋንቋ በመንግሥት ማኅተም ላይ ተቀርጾ መገኘቱ ለዚህ ጸሐፊ ከማንኛውም ሐውልት ይበልጥበታል።

ቢቸና የእነማይ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። እነማይ፣ እናርጅ፣ እናውጋ፣ እነብሴ፣ እነሴ፤ አምስቱም በአንድ ድምፅ ይጀምራሉ። «እናርጅ እናውጋ» ማለት «አብረን እናርጅ፣ እያወጋን እንኑር» ነው የሚለው አፈ ታሪክ ለጨዋታ ደስ ይላል። ሆኖም አምስት ጎረቤታሞች ሀገሮች በአንድ መነሻ መጠራታቸው «እነ እገሌ» እንደምንለው ያለ ጥንታዊ የወገን አጠራር መሆኑን የሚያመለክት ይመስላል። ያም ሆነ ይህ ስሞቹ ከገዢው ቤት ስም ጋር ዝምድና የላቸውም።

ሕዝብ በራሱ የሚሰይመው ስም ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ከሞጣ በስተሰሜን ዓባይ ላይ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የተሠራው የድንጋይ ድልድይ ጎጃምን ከበጌምድር ያገናኝ ነበር። ሠሪው አፄ ፋሲል ናቸው ይባላል። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት መካከሉን አፈረሱት። ከዚያ ወዲህ ያለው ስሙ «ሰባራ ድልድይ» ነው። የሠሪው ስም ወደ ኋላ ቀርቶ የሰባሪዎቹ ሥራ ስም ሆነ። ሰዉ በተሰበረው ቅስት ላይ በገመድ እየተጎተተ ይሻገር የነበረበት ዘመን ያለፈው በቅርቡ ነው፤ ዛሬ ከሥፍራው አቅራቢያ ተንጠልጣይ የእግረኛ ድልድይ አለ።

በቢቸና የበላይ ስም

ቢቸና ላይ ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ሰው ከገዢው ቤት አይወለድም። በላይ ዘለቀ ነው። አባቱ ባሻ ዘለቀ ላቀው የልጅ ኢያሱ ወገን ነበሩ፤ የአባቱ ሀገር ለምጨን ከቢቸና ግዛት ነው፤ እናቱ ከወሎ ጫቀታ ናቸው። በአምስቱ ዓመት የጣሊያን ወረራ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም፣ የምሥራቅ ጎጃምን ገበሬ አሰባስቦ ተዋጋ። የቀድሞው ገዢ ልዑል ራስ ኃይሉ በዚያው ዘመን ከጣሊያን ጋር ወግነው ነበር። ከነፃነት በኋላ በላይ የደጃዝማችነት ማዕረግና የቢቸና ግዛት ተሰጠው። ከመንግሥት ጋር ተጋጨ፤ ሶማ ተራራ ላይ መሽጎ ተዋጋ፤ እጁን ሰጥቶ አዲስ አበባ ታሰረ። ከእስር ለማምለጥ ሞክሮ ተያዘና ጥር 1937 ዓ.ም በስቅላት ተቀጣ። አብሮት ከተሰቀሉት አንዱ ከራስ ኃይሉ ቤተሰብ የሆነው፣ ከጣሊያን ጋር የቆመው ማሞ ኃይሉ ነበር።

አርበኛውና የባንዳው ቤት ልጅ በአንድ ቀን ተሰቀሉ። ሀገሩ ግን ስም ሲያወጣ ለየ። በቢቸና ያለው የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በበላይ ዘለቀ ስም ይጠራል። በአዲስ አበባ ጎዳና አለው፤ የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያም ስሙን ይዟል። በማሞ ኃይሉ ስም የተጠራ ስፍራ ይህ ጸሐፊ አያውቅም። ሌላም ነገር አለ፤ ለመኳንንቱ «እርሳቸው» ስንል በላይን «እሱ» እንላለን። ማዕረጉን ብዙ ጊዜ እንተወዋለን። ንቀት አይደለም፤ የቤት ልጅ በአንቱታ አይጠራምና ነው።

ስሙ የአባት፣ ማሳው የልጅ

እስካሁን ያነሣነው ከመንገድ ዳር የሚታየውን ነው። ወደ ማሳው ሲገባ ግን የሰው ስም ይበዛል፤ የጌታ ሳይሆን የገበሬ። በጎጃም የርስት ሥርዓት መሬት የሚገኘው ከአንድ የቀድሞ አባት በመወለድ ነበር። አጥቢያውን መጀመሪያ ያቀኑት አባቶች «ዋና አባት» ይባላሉ፤ መሬቱም በእነርሱ ስም ተከፍሎ ይጠራል። በአባት በኩል ብቻ ሳይሆን በእናት በኩልም መውረስ ስለሚቻል አንድ ሰው ከብዙ አባቶች ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር። ዘሩን መቁጠር ያልቻለ አይከራከርም። አለን ሆበን የተባሉ አሜሪካዊ ምሁር በደጋ ዳሞት ገበሬዎች መካከል ኖረው ይህን ሥርዓት አጥንተው በ1973 እ.ኤ.አ መጽሐፍ አሳትመዋል። እዚያ የሚታየው፣ የመሬቱ ስም የዘር ሐረግ፣ የዘር ሐረጉም የመሬት ማስረጃ መሆኑ ነው።

የጎጃም ገበሬ የመሬት ልኬታን አጥብቆ የፈራውም በዚህ ምክንያት ነበር። ማሳ በገመድ ተለክቶ በአንድ ሰው ስም ከተመዘገበ የዋናው አባት ስም ይቀራል፤ ከርሱ ጋር የወንድምና የእኅት የይገባኛል መብት ይቀራል። በ1960 ዓ.ም የግብርና ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ ግብሩ የልኬታ መግቢያ ነው ተብሎ ተጠረጠረ። የሞጣና የቢቸና አውራጃዎች በአመፅ ከተነሡት ዋናዎቹ ነበሩ። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን አዘመተ፤ መንደሮች ተደበደቡ። በመጨረሻ የጠቅላይ ግዛቱ እንደራሴ ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ አዲሱ ግብር ቀረ፤ ውዝፉም ተሠረዘ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስቱንም ጉልቱንም አንድ ላይ ሻረ።

ርስት ቀረ፤ ስሞቹ ግን በአፍ ቀሩ። ዛሬም ገበሬ ልጁን «እዚያ ማዶ ሂድና በሬዎቹን መልስ» አይለውም፤ የቦታውን ስም ጠርቶ ይልከዋል። ከአባት ስም ሌላ ማሳ በዛፉ ይጠራል፤ በዋርካው፣ በሾላው። በአፈሩም ይጠራል፤ ዋልካ የሚባለው ጥቁር አፈር በዝናብ የሚይዘውን ውኃ የሚያውቅ ሰው ስሙን ሲሰማ ብቻ ሰፊ መደብና ጥሩ ቦይ እንደሚያስፈልገው ይረዳል። በግብርና ኮሌጅ የአፈር ምደባ ስንማር መምህራችን ያስተማረን ግማሹ በመንደራችን የማሳ ስሞች ውስጥ እንደነበረ የገባኝ ከተመረቅሁ በኋላ ነው።

ደብተሩና ቁጥሩ

በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታ ምዝገባ ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲካሄድ ቆይቷል። ከመጀመሪያዎቹ የሙከራ ሥፍራዎች አንዱ በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፣ በጎዛምን ወረዳ ነበር። በመጀመሪያው ዙር የተሰጠው ደብተር ማሳውን የሚለየው በቦታው ስምና በአዋሳኞቹ ነው። በሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ግን ማሳው ተለክቶ ካርታ ይወጣለታል፤ የራሱ መለያ ቁጥርም ይሰጠዋል። ቁጥሩ ብዙ ጥቅም አለው። አዋሳኝ ሲሞት ወይም ሲለወጥ ቁጥሩ አይለወጥም፤ ድንበር ሲገፋ ካርታው ይናገራል፤ ባልና ሚስት በአንድ ደብተር ላይ በስማቸው ይመዘገባሉ። ይህ ጸሐፊ ልኬታውን አይቃወምም።

የሚያሳስበው የስሙ ቦታ ነው። ከዘመዶቼ አንድ አጎት ሁለት ማሳ አሏቸው፤ አንደኛው በወንዙ ዳር፣ ሌላው በአቀበቱ ላይ። ደብተራቸው ሲጻፍ ሁለቱም ማሳዎች በአንድ የቦታ ስም ሰፈሩ። ማንም ልብ አላለውም። በኋላ አቀበቱን ማሳ ለሁለት ዓመት ሲያከራዩ ውሉ የተጻፈው ከደብተሩ ተገልብጦ ነበርና፣ ተከራዩ የወንዙን ዳር ነው የተከራየሁት ብሎ ገባበት። በውሉ ላይ ባለው ቃል ብቻ ከሆነ እርሱም አልዋሸም። አጎቴ ሦስት ጊዜ ቀጠሮ ተመላለሱ። ነገሩን የቋጨው ሰነዱ አልነበረም፤ አዋሳኞቹ በእማኝነት ቀርበው እያንዳንዱን ማሳ በስሙ ጠርተው ማሳየታቸው ነው። አንደኛው እማኝ በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ በቀጣዩ ክረምት ዐረፉ።

በከተማ ዳርም ተመሳሳይ ነገር አለ። ቢቸናና ሞጣ ሲሰፉ በዙሪያቸው ያለው እርሻ ወደ ከተማ ክልል ይገባል። ማሳው በብሎክና በቦታ ቁጥር ይከፈላል፤ ቀበሌው በቁጥር ይጠራል። አዲስ የሚገባው ነዋሪ ቤቱ የቆመበት ቦታ ትናንት ምን ይባል እንደነበር የሚነግረው የለም። ለግንባታ ሲባል ግን ማወቁ ይጠቅመው ነበር፤ በውኃ ወይም በረግረግ ስም የሚጠራ ቦታ ላይ መሠረት የሚቆፍር ሰው ስሙን ቀድሞ ቢሰማ ወጪውን ቀድሞ ያሰላ ነበር።

ከታሪክ አንጻርም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። በወይዘሮ ወለተ እስራኤል ዘመንና ከዚያ በኋላ በሞጣ ጊዮርጊስ መጻሕፍት ላይ የተመዘገበው መሬት የተለየው በካርታ ወይም በቁጥር አይደለም፤ በቦታ ስም ነው። ያ መዝገብ ዛሬ ምድር ላይ ሊነበብ የሚችለው በብራናው ላይ ያለውን ስም ሰምቶ «ይህ እኮ እገሌ የሚያርሰው ነው» የሚል ገበሬ እስካለ ድረስ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ ምዝገባ በሚካሄድበት ቀበሌ የልኬታው ውጤት ደብተር ከመታተሙ በፊት ለሕዝብ ይፋ ተደርጎ የእርማት ጊዜ ይሰጣል። አብዛኛው ባለይዞታ በዚያ ቀን የሚመለከተው ስፋቱን፣ የራሱንና የባለቤቱን ስም፣ ድንበሩንም ነው። በዚያው ወረቀት ላይ የቦታው ስም የሚሰፍርበት መስመር ካለ፣ እያንዳንዱ ማሳ በራሱ ስም መጻፉንና የሁለት ማሳ ስም አለመምታታቱን ማየት፣ ስህተት ካለም ለቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ በዚያው የእርማት ጊዜ ማመልከት ይቻላል። ማንበብ የማይችሉ አረጋውያን ልጃቸውን ይዘው ቢሄዱ መልካም ነው፤ ስሙን የሚያውቁት እነርሱ፣ ጽሑፉን የሚያነበው ልጁ ነውና።